ጌታነህ፣ ፓምፑና እኔ

ማክሰኞ

ኀፍረቴን አስቀድሜ ላውጣው፤ እሱ ካልወጣ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ዛሬ ሞላሌን አልፈን፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ጌታነህ፣ አንተ እኮ ምንም አልተለወጥክም» አልኩ። በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አባት ዞር ብለው አዩኝ። «እኔ ጌታነህ አይደለሁም ልጄ። አልተለወጥክም ላልሽው ግን እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከፊት የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ረዳቱ ሳይቀር። እስከ መሐል ሜዳ መስኮቱን እያየሁ መጣሁ። መስኮቱ ደግሞ በአቧራ ተሸፍኖ ምንም አያሳይም።

ልማድ ሆኖብኝ «ውድ አንባቢዎቼ» ልል ምንም አልቀረኝም። ይኼ ግን ለመጽሔቱ አይደለም። የሰውን ፍቅር እየፈታች እየቋጠረች የምትኖር አምደኛ የራሷን ለማን ትጽፋለች?

ጌታነህ ማለት እንዲህ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተማርን። እኔ አዲስ አበባ ገባሁ። እሱ እዚሁ ፊዚክስ አስተማረ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። አላገባም። እኔም አላገባሁም። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ፤ እንገናኛለን፣ እንስቃለን፣ እመለሳለሁ። ከዚያ ወራቱን ሙሉ እሱ ያላለውን ሲለኝ እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ለመመረቂያው ብሎ የመሐል ሜዳ የውሃ ኮሚቴ ፓምፕ ላይ ኮምፒዩተር ገጥሟል። ኮሚቴው በዚህ ሳምንት አይቶ ይወስናል። ከሠራ ፓምፑን ያስረክቡታል፣ እሱም እዚሁ ይቀራል። ካልሠራ አዲስ አበባ ሥራ ተይዞለታል፤ መልሱን የሚጠብቁት እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ይኼን ሲናገር ድምፁ ከብዶት ነበር። «እንዲሳካልህ እጸልያለሁ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የጸለይኩትን ግን እኔና እግዜር እናውቃለን።

አክስቴ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። ያለ ዓመት በዓል ምን እግር ጣለሽ አሉኝ። ናፍቃችሁኝ ነው አልኳቸው።

«እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው የናፈቀሽ ማነው?»

ሻንጣዬን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ። ደግሞም ያውቃሉ።

ረቡዕ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ታንከሩ ወጣሁ። ጌታነህ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። እኔም ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። ሁለታችንም ለፓምፕ ብለን።

ነገሩን እንደገባኝ ልጻፈው። ከታች ምንጭ አለ። ከላይ ጉብታው ላይ ታንከር፣ ከታንከሩ ዝቅ ብሎ ሰው የሚቀዳበት ቦኖ። ድሮ ፓምፑን የሚያስነሳው ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ሲረሳ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፤ መብራት ሲደክም ሞተሩ ይቃጠላል። ሁለት ሞተር እንዲህ ነደደ። አሁን በዘበኛው ፈንታ የተቀመጠው ጌታነህ ላፕቶፑ ውስጥ ያሳደገው ነገር ነው። የነርቭ መረብ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን የእኔው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ብዙ ቀን ዝም ብሎ ያያል። ሞተሩ ይኼን ያህል ሲፈጥን፣ መብራቱ ይኼን ያህል ጉልበት ሲኖረው፣ ሰው ሲቀዳ፣ ውሃው ስንት ወጣ፣ ስንት ወረደ። እያየ ይገምታል፤ ሲሳሳት ግምቱን ያርማል። እንዲህ እንዲህ እያለ የታንከሩ ጠባይ ውስጡ ይቀረጻል። ከዚያ ግብ ይሰጡታል። ግቡ ታንከሩ ላይ የተቀባው ቀይ መስመር ነው። እሱ ታዲያ ሞተሩን ከመንካቱ በፊት በሐሳቡ ይሞክራል። ባፈጥነው ውሃው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት ይደርሳል? ባዘገየውስ? ባጠፋውስ? ሁሉንም በሐሳቡ ኖሮ አይቶ፣ ወደ መስመሩ የሚያደርሰውን ይመርጣል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያስባል።

«ከመናገሩ በፊት የሚለማመድ ሰው በለው» አልኩት።

«አንቺ ቶሎ ይገባሻል» አለኝ። እንዴት አይገባኝ። ስኖርበት ዓመታት ሆነኝ።

ውሃው የወጣ የወረደበትን የመዘገበባቸውን ቀኖች ሲነግረኝ ኩራት ነበረው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መብራት ጥርት የሚልበትን ቀን እየመረጠ ነው የመዘገበው። የሚካኤል ዕለት፣ የገብርኤል ዕለት፣ የማርያም ዕለት፣ እሑድ እሑድ። የተዝረከረከ ነገር አላስተማርኩትም አለ፤ ልጁን ክፉ ጓደኛ እንዳይዝ አድርጎ ያሳደገ አባት መሰለ።

ሙከራው ሰመረ። ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ቀድሞ ፈጠነ። ሲበተኑ ቀድሞ ዘገየ። ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ተጣብቆ ዋለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ታንከሩን ዞሩት።

«ደመወዝ አይጠይቅ፣ አይሰክር፣ አያንቀላፋ። ልጄን ልድርለት ይሆን?» አሉ። ከዚያ ነገ በሥራ ቀን አይተው እንደሚጨርሱ ተናገሩ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጌታነህ በሰው መሐል እኔን ፈልጎ ሳቀልኝ። እንዲህ ያለ ሳቅ ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ግድግዳውን በሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ነቃሁ። ምንድን ነው ብዬ እትዬ አስካለን ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብለው ሳቁብኝ።

«የወንድይፍራው ወፍጮ ነዋ። እዚህ ከተተከለ አራት ዓመቱ። አንቺ በምን ትሰሚዋለሽ? የምትመጪው በበዓል፣ እሱ የሚዘጋው በበዓል። የዚህን አገር የሥራ ቀን የት ታውቂዋለሽ?»

ታንከሩ ጋ ስደርስ ነገር ተበላሽቷል። ጌታነህ የትናንቱን ሸሚዝ አውልቆ አሮጌ ሹራብ ለብሷል። ኮምፒዩተሩ ውሃው ይሞላል ይላል፤ ውሃው ይወርዳል። አሁን ይሞላል ይላል፤ አሁንም ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ላይ ቦኖው አቃሰተና ደረቀ። ሴቶቹ በብርድ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆሙ። ከዚያ ሞተሩ መሽተት ጀመረ፤ ጌታነህ ሮጦ በእጁ አጠፋው።

አንዷ ሴት፣ ወፍራም ሻርፕ የጠመጠመች፣ «ዘበኛው እንኳ ሲሰክር በስድብ ይነቃ ነበር» አለች። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወንድይፍራው አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰው። የመጨረሻውን ማክሰኞ ጠዋት እናያለን፤ ካልሆነ ዘበኛችንን እንመልሳለን ብለው ሄዱ።

ጌታነህ ቀኑን ሙሉ የውሃውን ከፍታ የሚለካውን ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ጥፋቱ ከዚያ ነው ብሎ አምኗል። ምሳ አምጥቼለት አላየኝም።

እኔ ወደ ቤት ስመለስ ለባትሪ ድንጋይ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ መልስ እየቆጠረ ሳለ ወፍጮው ለምሳ አረፈ። ጸጥ አለ። ወዲያው ከራሱ በላይ የተንጠለጠለው፣ እንደ ከሰል ፍም የደበዘዘው አምፖል ቦግ አለ።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ፓምፑ የተማረው ወፍጮው በሚዘጋበት ቀን ብቻ ነው። ወፍጮ ሲነሳ መብራት እንደሚደክም አይቶ አያውቅም። ሰው የሥራ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ እንደሚቀዳም አያውቅም። የዚህን አገር የሥራ ቀን አያውቅም።

መንገዱ ላይ ቆምኩ። በስተቀኝ ታንከሩ፣ በስተግራ የእትዬ አስካለ ቤት። ብነግረው ያስተካክለዋል። ካስተካከለው ይቀራል። ዝም ብል በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ነው፤ ከቢሮዬ በአንድ ታክሲ።

ወደ ግራ ዞርኩ። ይኼን ስጽፍ ሞቅ ያለ ባና ተከናንቤያለሁ፣ ግን ይበርደኛል።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እትዬ አስካለ ጀሪካኑን በገመድ ጀርባቸው ላይ አዝለው ሊወጡ ነው። ወዴት ስላቸው ወደ ምንጩ አሉ፤ ቦኖው የለ። ውርጩ መሬቱን ነጭ አድርጎታል፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። እኔ ልሂድ ብላቸው ጫማዬን አይተው ተዪው አሉኝ። ሲወርዱ አየኋቸው። አንድ እጃቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ፣ ሌላውን ጀርባቸው ላይ አድርገው።

በዚያው ጫማ ወደ ታንከሩ ሮጥኩ።

ጌታነህ ሽቦ ይጠቀልላል። ኮምፒዩተሩን ከፓምፑ ሊነቅለው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። የመዘገብካቸው ቀኖች በሙሉ በዓል ናቸው አልኩት። እሱማ ነግሬሻለሁ አለ። ወፍጮው አልኩ። እጁ ሽቦው ላይ ቆመ።

«አውቄ ነው ያስቀረሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ወፍጮው ሲነሳ ቁጥሩ ሁሉ ይረበሻል። የተረበሸ ነገር አላስተምረውም ብዬ።» ቧንቧው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እጁ ግራሶ ነበር፣ ፊቱም ግራሶ ሆነ።

ከዚያ ቀና አለ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት። በምሳ ሰዓት።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ስንት ውሸት ነበረኝ። አምድ የምጽፍበት ዓይነት ሁሉ። አንዱም አልመጣልኝም።

«አዲስ አበባ እንድትመጣ ፈልጌ» አልኩት።

እኔን አየ፣ ታንከሩን አየ፣ የፀሐይዋን መውጣት አየ። ከዚያ ፒንሳውን ኪሱ ከተተና፣ «ነገ ገብርኤል ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ። ሰኞ ማርያም። የሥራ ቀን ያለን ዛሬ ብቻ ነው፤ ተነሺ» አለ።

ተነሣሁ። ምን አደርጋለሁ?

ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት ዋልኩ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ። የወፍጮው ድንጋይ ሲነሳ «ተነሳ» እላለሁ፣ ሲቆም «ቆመ» እላለሁ። እሱ ታንከሩ ጋ ሆኖ ሞተሩን አንዴ እያፈጠነ አንዴ እያዘገየ ውሃው ምን እንደሚሆን ያስመዘግባል። ጋሽ ወንድይፍራው ጉዳዩን ስንነግራቸው ዱቄቱ ውስጥ ቆመው አሰቡ። «ለካ በዓል አክባሪ ማሽን ነው ያመጣህልን» አሉና፣ ቀኑን ሙሉ ለሚመጣ ለሚሄደው ያንኑ ሲነግሩ ዋሉ።

አንዴ ዘግይቼ «ተነሳ» ስለው ጮኸብኝ። ተኝተሻል ወይ አለኝ። ጌታነህ በእኔ ላይ ጮሆ አያውቅም። እኔ የማውቀው ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን፣ ጥምቀተ ባሕር ላይ ሎሚ የሚገዛልኝን ነው። ይኼኛው ራሱን ማበጠር ረስቷል፣ ምሳ ረስቷል፣ ይነጫነጫል። ማታ ዱቄቱን ከፀጉሬ እያራገፍኩ ስለ እሱ አሰብኩ። ስለዚህኛው።

ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ወፍጮው ተዘግቷል። ጌታነህ የአንድ ቀን ትምህርት አይበቃውም ብሎ ጋሽ ወንድይፍራውን ከደጀ ሰላም ጠብቆ ለመናቸው። ድንጋዩ ያለ እህል ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢዞርስ? እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የአንተ ማሽን የሥራ ቀን እንዲማር እኔን በዓል ልታስሽረኝ ነው?» አሉት። ተቆጥተው አይደለም። እንዲያውም አዝነውለት ይመስለኛል። እምቢ ግን እምቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ጌታነህ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። መረቡ የዓርብን ነገር ደጋግሞ እያየ ግምቱን ያርማል። እሱ እስኪጨርስ የምንሠራው የለም አለኝ፣ በጨዋ ደንብ፣ እንደ እንግዳ። ስለነገርኩት ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እሑድ

ቅዳሴ ላይ በወንዶቹ በኩል አየሁት። አላየኝም። ወይም አይቶኛል።

ዝናብ ሳይኖር ሰማዩ ከብዷል። ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ አናገርኩት። «ይቅርታ» ብለው «ለምኑ?» ይለኛል። «ርሳው» ብለው ይረሳዋል። ዝም ብለው ዝም ይላል። አንዱም ወደምፈልገው አያደርሰኝም። የምፈልገው ምን እንደሆነም እንደ ቀይ መስመር ቀብቶ ያስቀመጠልኝ የለም። አንዳንዴ የምፈልገው ከቢሮዬ በአንድ ታክሲ መሆኑን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዓርብ ዕለት እንደጮኸብኝ ደግሞ እንዲጮህብኝ ብቻ።

ሰኞ፣ ማርያም

ከሰዓት በኋላ ጌታነህ ወደ እትዬ አስካለ መጣ። ጉባኤ ላይ እንዳለ ሰው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ሰጡት፣ ጠጣ። የሚነግረኝ እንዳለው ግልጽ ነበር፤ የተናገረው ግን ስለ ፓምፑ ነው። መረቡ አሁን ወፍጮ ሲነሳ ውሃው እንደሚያንስ ይገምታል። ያየው ግን ጥቂት ስለሆነ እርግጠኛ አይደለም አለ። የአዲስ አበባዎቹም ዛሬ ደውለው ነበር። ነገ ከቀትር በፊት እነግራችኋለሁ ብሏቸዋል።

ደህና ብዬ መለስኩ። ደህና! ስለ ፍቅር የጻፍኩለት፣ የመከርኩት ሰው ሁሉ ይዘብትብኝ።

ሲሄድ እትዬ አስካለ ብርጭቆውን አንሥተው ቆሙ።

«ምን ብለሽው ነው ዓይንሽን የማያየው?»

«እውነቱን ነው ያልኩት።»

«አዪ፣ ልጄ» አሉ። «በይ አሁን ሻንጣሽን አዘጋጂ። ነገ አውቶቡሱ በጊዜ ነው የሚወጣው።»

አዘጋጀሁ። ጋቢዬን ሦስት ጊዜ አጣጥፌ ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

ማክሰኞ

አውቶቡስ ተራ ካለች ሻይ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጎህ ሲቀድ ታንከሩ ጋ ነበርኩ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል፣ እትዬ አስካለም አሉበት። ኮሚቴው ቆሟል። አንድ ሰዓት ላይ ወፍጮው ከታች ማጓራት ጀመረ፤ ሁላችንም ወደ ሞተሩ ዞርን። ሞተሩ አልታገለም። ቀስ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሳይቆም መሳቡን ቀጠለ። ውሃው ከቀዩ መስመር ወረደ። ጌታነህ ከንፈሩን ነክሷል። ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ቦኖው አልደረቀም። ወፍጮው ለአፍታ ሲያርፍ ሞተሩ ወዲያው ፈጠነና ጥቂት መለሰ። ወፍጮው ሲነሳ እንደገና ዝቅ አለ።

ሰልፉ አለቀ። እትዬ አስካለ ሁለተኛ ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ፤ ሳያዩኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው መስመሩን በጣታቸው አሳዩ። «እዚህ ይደርሳል ብለኸን ነበር። አልደረሰም» አሉ።

«አልደረሰም ጋሼ።»

«ሞተሩ ሸተተ?»

አልሸተተም አለ ጌታነህ። እሳቸው ወደ ሴቶቹ ዞረው ውሃ ያጣ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሻርፕ ያላት ሴት ጀሪካኗን ከፍ አድርጋ አሳየች። ኮሚቴው ወደ ጎን ብሎ ተንሾካሾከ። እስከ ክረምት ይሞክር ተባለ። በበዓልም በሥራ ቀንም እያየ ይማር፤ ዘበኛውም አብሮት ይቀመጥ። ሙሉ እሺ አይደለም። እምቢም አይደለም።

ጌታነህ ፈቀቅ ብሎ ስልክ ደወለ። የሚለውን አልሰማሁም፣ ፊቱን ግን አየሁት። አጭር ነበር። አልመጣም ነው ያላቸው። አዝናለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አዘንኩም። ግን እዚያው መሐል፣ እትዬ አስካለ ወደ ምንጩ ያልወረዱበት ጠዋት ስለሆነ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ሁለቱ እንዴት በአንድ ደረት እንደሚገቡ አላውቅም።

መልካም መንገድ በለኝ ልለው ሄድኩ። ሽቦ ያስተካክላል። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ነገ ጊዮርጊስ ነው፣ ወፍጮ የለም። ሐሙስና ዓርብ ግን አለ። ወፍጮ ቤት ሆኖ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ሌላ ሰው ታገኛለህ» አልኩት።

«አገኛለሁ» አለ። ከዚያ ቀና አለ፤ ከዓርብ ወዲህ ዓይኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። «እንድትቀሪ ፈልጌ ነው።»

በሐሳቤ ዓመታት ሳናግረው ይኼን ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ቃል፣ በዚህ ቆሻሻ ሹራብ፣ በዚህ ድካም፣ አንድ ጊዜም። አውቶቡሱ ሊሄድ ነው ብዬ ቁልቁለቱን ሮጥኩ።

ሻንጣዬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነበር። ረዳቱ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን እያለ ይጣራል። ተሳፈርኩ። ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ረዳቱን ሻንጣዬን አውርድልኝ አልኩት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እየወጣ ምን ምን እንዳለኝ አልጽፈውም፤ ሁሉም ይገባኛል።

አውቶቡሱ ከሄደ ቆየ። ሻይዬ ቀዝቅዟል፣ ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነው። ጌታነህ እዚያ ላይ ሆኖ የሄድኩ መስሎታል። ለአለቃዬ ገና አልደወልኩም። ሐሙስ ድንጋዩ ሲነሳ ወፍጮ ቤት እገኝና እደውልለታለሁ፤ ሲያነሳው የሚለኝን እግዜር ያውቃል። የሚለኝን ግን፣ ደግ ቃልም ይሁን ዓርብ ዕለት እንደሰማሁት ቁጣ፣ ሳልቀባባ በዚያው ቀን እዚህ አሰፍረዋለሁ።